ተማሪን ከኅብረተሰብ ጤና ጋር ማስተዋወቅ፦ ለትምህርት ቤት የጤና ክበብ የ6 ሳምንት የሥራ መመሪያ

የትምህርት ቤት ጤና ክበብ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት በሰልፍ ላይ "እጃችሁን ታጠቡ" ብሎ በማንበብና ግድግዳ ላይ ፖስተር በመለጠፍ ያልቃል። ተማሪው መልእክቱን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ ፈተና ላይ ቢመጣ አይስተውም። ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ግን ቧንቧው ጋ ሳይደርስ ኳሱን ተከትሎ ይሮጣል። መልእክቱን ለአሥረኛ ጊዜ መድገም የሚጨምረው ነገር የለም። የጎደለው የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው፦ መቁጠር፣ ማነጻጸር፣ አንድ ነገር መለወጥ፣ እንደገና መቁጠር። ከዚህ በታች ያለው ተማሪዎች ይህንን ራሳቸው የሚሠሩበት ቅደም ተከተል ነው።

መመሪያው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ 36 ያህል ተማሪዎች፣ በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ቁጥሩ ቢያንስም ቢበዛም ይሠራል፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ግን ጥንድ ቁጥር መሆን አለበት። አንድ ሰው ከጎደለ መምህሩ ራሱ ኩባያ ይዞ ይገባል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ርእሰ መምህሩን አስፈቅዱ፤ በቀበሌው ጤና ኬላ ካለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋርም ተነጋገሩ። ለንግግር እንድትመጣ ብቻ አትጋብዟት። በዚህ ወቅት በአካባቢው የትኛው በሽታ እንደሚበዛ፣ ኦ.አር.ኤስ (ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጥ ዱቄት) እና የውሃ ማከሚያ ጤና ኬላው ውስጥ መኖሩን ጠይቋት። አብነቶቻችሁን የምትመርጡት ከእሷ መልስ ተነስታችሁ ነው። ደጋ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ስለ ወባ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢያጠፋ ተማሪው ከፈተና በቀር የሚያውልበት ቦታ የለውም።

ከመጀመሪያው ቀን የሚነገሩ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፣ ማንኛውም መዝገብ ላይ የሰው ስም አይጻፍም። ሁለተኛው፣ ክፍል ውስጥ "ቤታችሁ የታመመ ማን አለ?" ተብሎ አይጠየቅም። ሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች.አይ.ቪ ያለበት ቤተሰብ ልጅ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን የተሸማቀቀ ልጅ ወደ ክበቡ አይመለስም፤ ወሬውም ከግቢ ይወጣል።

ቆጠራው ከትምህርቱ ይቅደም

ብዙ ክበቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያስተምራሉ፣ ከዚያ ለውጥ መጣ ይላሉ፤ ከምን ተነስቶ እንደተለወጠ ግን የሚያሳይ ወረቀት የላቸውም። ስለዚህ ስለ እጅ መታጠብ አንዲት ቃል ከመነገሩ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ 4 ተማሪዎች ቆጠራ ያካሂዳሉ፤ 2 ሴቶች በሴቶች መጸዳጃ ቤት በኩል፣ 2 ወንዶች በወንዶቹ በኩል።

ቆጣሪዎቹ ደብተር ዘርግተው እንደሚያጠና ሰው ይቀመጣሉ። የሚቀመጡት የመታጠቢያውን ቦታና ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣውን ሰው በሚያሳይ ቦታ ነው፤ በሩ ላይ መቆም ሰውን ያሳፍራል፣ ደግሞም የታየ ሰው ሌላ ጊዜ የማይታጠበውን ያህል ይታጠባል። ቅጹ 4 ዓምድ ብቻ አለው፦ የወጣ፣ ያልታጠበ፣ በውሃ ብቻ የታጠበ፣ በሳሙና የታጠበ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰረዝ ይሰመራል፤ አምስተኛው ሰረዝ አራቱን ያቋርጣል። ከቅጹ አናት ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ያን ዕለት ውሃ መኖሩና ሳሙና መኖሩ ይጻፋል። ይህች መስመር ከተዘለለች ቆጠራው ከንቱ ነው፤ ቧንቧው በደረቀ ቀን የተገኘ "ማንም አልታጠበም" የሚል ውጤት የሚናገረው ስለ ውሃው ነው።

"በሳሙና ታጠበ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ሳሙና ነክቶ ሁለቱንም እጁን ያሸ። የጣቱን ጫፍ አርጥቦ ሱሪው ላይ የጠረገ "በውሃ ብቻ" ውስጥ ይገባል። አብረው የተቀመጡት ሁለቱ ቆጣሪዎች ሳይመካከሩ ለየብቻ ይመዝግቡ፤ ሲጨርሱ ቁጥራቸው ከአሥር አንድ እጅ በላይ ከተራራቀ ትርጉሙን በአንድ ዓይነት አልተረዱትም ማለት ነውና ተነጋግረው ይድገሙት።

ቀን አመራረጡ ላይም ተጠንቀቁ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ተማሪ በእረፍት ሰዓት ስለማይበላ የእጅ መታጠቡ መጠን ሌላ ይሆናል። በገበያ ቀን የሚቀረው ተማሪ ይበዛል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ በሁለቱም ቀን በዚያው በረጅሙ እረፍት ብትቆጥሩ ይሻላል፤ በ6ኛው ሳምንትም ያንኑ ቀንና ያንኑ ሰዓት ትደግማላችሁ። ሁለተኛው ቆጠራ ዐቢይ ጾም ውስጥ እንዳይወድቅ ቀን መቁጠሪያ አይታችሁ ጀምሩ። የክበቡን አባላት አትቁጠሩ፤ ሥራውን ስለሚያውቁ ውጤቱን ያጣምማሉ።

1ኛ ሳምንት፦ የማይታየው ነገር በ36 ኩባያ

ዓላማው በሽታ የያዘው ሰው ምንም ሳይታይበት እንዴት እንደሚያስተላልፍ ተማሪው በራሱ እጅ እንዲያየው ነው። የሚያስፈልጉት ውስጣቸው ከውጭ የማይታይ 36 የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አንድ ትንሽ ጠርሙስ የቁስል አዮዲን፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና ማርከር ናቸው።

ስታርቹን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ ጨምራችሁ እያማሰላችሁ አፍሉት። ከዋዜማው ሠርታችሁ ማሳደር ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ። ስታርች ከጠፋ ሩዝ የተቀቀለበትን ውሃ አጥልላችሁና አቅጥናችሁ ተጠቀሙ። በደንብ ሳይቀዘቅዝ አትሞክሩት፤ ትኩስ ስታርች ላይ አዮዲን ሰማያዊ ቀለም አይሰጥም፣ መምህሩም ክፍል ፊት ግራ ይጋባል። ሌሊቱን በአንድ ኩባያ ላይ ሞክሮ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ኩባያዎቹን ከ1 እስከ 36 ቁጥር ስጧቸው። 35ቱ ሲሶ ድረስ ንጹህ ውሃ፣ አንዱ በዚያው ልክ የስታርች ውሃ ይያዝ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ መምህሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ኪሱ ያስገባዋል። ማንም እንዳይጠጣ አስጠንቅቁ፤ እነዚህን ኩባያዎች በኋላም ለመጠጥ አትመልሷቸው።

አጨዋወቱ ይህ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ተማሪው አንድ ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ያለውን በሙሉ ወደ ሌላው ኩባያ ይገለብጣል፣ ይነቀነቃል፣ ከዚያ ግማሹ ይመለስለታል። ሁለቱም የባልደረባቸውን ቁጥር ከዙሩ ቁጥር ጋር ይጽፋሉ። ዙሩ 3 ጊዜ ይደረጋል፤ በየዙሩ ሰው ይቀየራል። በመጨረሻ በሁሉም ኩባያ ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ አዮዲን ይጨመራል። ንጹሁ እንደ ቀጭን ሻይ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ስታርች የደረሰው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል።

ከ3 ዙር በኋላ የጠቆሩት ኩባያዎች ቢበዛ 8 ናቸው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8። ከ8 ካነሱ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ተማሪው ራሱ ያገኘዋል፦ ስታርች የያዙ ሁለት ሰዎች እርስ በእርስ ሲገናኙ አዲስ ሰው አልያዙም። ወረርሽኝ እስከ መጨረሻው በእጥፍ እያደገ የማይሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ምርመራው ይጀመራል፤ ለዚህ ሙሉ 15 ደቂቃ አስቀምጡ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ዓምድ አስምራችሁ የጠቆሩት ቁጥሮች በየዙሩ ያገኙትን ሰው ጻፉ። ቁልፉ ያልጠቆሩት ኩባያዎች ናቸው። 14 ቁጥር ንጹህ ሆኖ በ2ኛ ዙር ከ22 ጋር ተቀላቅሎ ከነበረ፣ 22 ቁጥርም በዚያ ዙር ንጹህ ነበር፤ ሁለቱም ከምንጭነት ይሰረዛሉ። እንዲህ እየተሰረዘ ሄዶ በመጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ 2 ቁጥሮች ይቀራሉ፤ በ1ኛው ዙር የተገናኙት ሁለቱ። ከእነዚህ ማንኛቸው እንደጀመረው መዝገቡ አይናገርም፤ ምንም ያህል ብትራቀቁ አይለይም። ተማሪዎች እዚህ ላይ ይከራከራሉ፣ ተዉአቸው። መረጃ የት ድረስ ወስዶ የት ላይ እንደሚያቆም የሚማሩበት ጥሩ አጋጣሚ ነውና ወረቀቱን ከኪሳችሁ ለማውጣት አትቸኩሉ። "በሽተኛው" እያሉ ተማሪን መጥራት ግን አይፈቀድም፤ ስማቸው የኩባያው ቁጥር ነው።

ሰዓት ከተረፈ ወይም በሌላ ቀን ጨዋታውን በክትባት ድገሙት። 12 ተማሪዎች ኩባያቸውን በላስቲክ ሸፍነው በጎማ ይሰሩት፤ ሰው ያገኛሉ፣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ውሃ ግን አይቀላቅሉም። ቀጥሎ የተሸፈኑትን 24 አድርጉ። አንድ ጊዜ የተገኘ ውጤት ዕድል ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫወቱት። ከዚያ ኩፍኝን አንሱ። ኩፍኝ የያዘው አንድ ሰው ካልተከተቡ ሰዎች መካከል ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑት ያስተላልፋል፤ እንዳይዛመት ለማድረግ ከ100 ሰው 95 ያህሉ መከላከያ ሊኖረው ይገባል የሚባለው ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት የሚወስዱት በ9 እና በ15 ወራቸው ነው። ፈንጣጣ ደግሞ ጭራሽ የጠፋ በሽታ ነው፤ በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ሶማሊያ ውስጥ በ1977 ነበር። በ1980 መጥፋቱ ታወጀ።

2ኛ ሳምንት፦ የለንደን ቧንቧ፣ የዓድዋ ወንዝ፣ የኅዳር ጭስ

ይህን ሳምንት እንደ ታሪክ አታስተምሩት፤ እንደ እንቆቅልሽ አቅርቡት። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1854 መጨረሻ ላይ በለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገባ። የጊዜው ሐኪሞች በሽታው የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን ውሃውን ጠረጠረ፤ የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ ምልክት አደረገ። ምልክቶቹ በብሮድ ስትሪት የእጅ ፓምፕ ዙሪያ ተከማቹ።

ተማሪዎቹን በ6 ቡድን ክፈሉና ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትልቅ ወረቀት ስጡ። መሐል ላይ ፓምፑን፣ ዙሪያውን መንገዶች ይሳሉ፤ ጥቁር ባቄላ ወይም ምስር እንደ ሟች ምልክት ይደርድሩ። ከዚያ የማይገጥሙትን እውነቶች አንድ በአንድ ስጧቸው፦

በአቅራቢያው 535 ድሆች የሚኖሩበት መጠለያ ነበር፤ በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው።
ፓምፑ አጠገብ ባለው የቢራ ፋብሪካ ከሠራተኞቹ አንድም አልሞተም።
ከሰፈሩ ርቃ ሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባልቴት ግን በኮሌራ ሞተች።

"ለምን?" ብላችሁ 10 ደቂቃ ዝም በሉ። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ቢራ ጠማቂዎቹ የሚጠጡት ቢራና የራሳቸውን ጉድጓድ ውሃ ነበር። ባልቴቷ ደግሞ የብሮድ ስትሪትን ውሃ ጣዕም ስለምትወድ በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ ነበር። ከካርታው ላይ የወጡት እነዚህ ሦስት ነጥቦች ከተከማቹት ሁሉ የበለጠ አሳማኝ ናቸው። የፓምፑ እጀታ እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን ተነቀለ። ለተማሪው ሳይደበቅ ሊነገረው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ሕዝቡ ሰፈሩን ለቅቆ ስለሸሸ እጀታው ሲነቀል የሟቹ ቁጥር ቀድሞውኑ እየወረደ ነበር፤ ይህንን ስኖው ራሱ ጽፎታል። "እጀታው ተነቀለ፣ ኮሌራ ቆመ" ብሎ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን መጥፎ ልማድ ያስለምደዋል።

ከዚያ ወደ አገር ቤት ኑ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ታች ባለው ውሃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ተማሪዎቹን ጠይቁ፦ እናንተ ብትሆኑ ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ? "ከማጠቢያው በላይ ያለውንም ወንዝ አይቼ አወዳድራለሁ" የሚል ከተገኘ ትምህርቱ ገብቶታል። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በሙከራ ተረጋገጠ፤ አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል።

ለክርክር የሚሆን ሦስተኛ ነገር ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲባል የነበረው ያው ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ሕዝቡ ሽታውን ያጠፋል ብሎ ቆሻሻ አቃጠለ፤ ኅዳር 12 ቀን እስከ ዛሬ ይታጠናል። ሁለት ቡድን አከራክሩ፦ ቆሻሻን በዓመት አንድ ቀን ሰብስቦ ማስወገድ የሚጠቅመው የትኛውን በሽታ ለመከላከል ነው? ጭሱስ? ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽ እንጂ በመጥፎ ሽታ አይተላለፍም፤ ፌስታልና ጎማ ማቃጠል ደግሞ መተንፈሻን ይጎዳል። መጥረጉ ግን ዝንብና አይጥን ይቀንሳል። ልማዱን መናቅ አያስፈልግም፤ ከየትኛው ክፍሉ ምን እንደሚጠቅም መለየት ይበቃል።

3ኛ ሳምንት፦ እጅ

በእኛ አገር ቤት እንግዳ ከመብላቱ በፊት በማስታጠቢያ ውሃ ይፈስለታል፣ ሳሙናው የሚመጣው ከተበላ በኋላ ነው፤ የወጡን ቅባትና ሽታ ለማስለቀቅ። በባዶ እጅ እንጀራ ለሚቆርስ ሰው ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ትምህርቱን ከዚህ ጀምሩ፤ ሁሉም ቤቱን ያስታውሳል።

ማሳያው ቀላል ነው። 3 ተማሪዎች መዳፋቸው ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይትና አንድ ቁንጥጫ የተፈጨ ከሰል ይቀባሉ፤ የእጃቸውን ጀርባና ጥፍራቸውን ጭምር ያሻሉ። አንዱ በውሃ ብቻ፣ ሌላው በሳሙና 5 ሰከንድ፣ ሦስተኛው በሳሙና 20 ሰከንድ ይታጠባል። ከዚያ ነጭ ሶፍት ላይ እጃቸውን ይጥረጉ። በውሃ ብቻ የታጠበው ዘይቱን ይዞ ይቀራል፤ የ5 ሰከንዱ መዳፉ ነጽቶ ጥፍሩ ዙሪያና በጣቶቹ መካከል ጥቁር ነው። ሶፍቶቹን ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ አስቀምጡ፤ ከማንኛውም ፖስተር ይሻላሉ። በሳሙና መታጠብ የማይታለፍባቸው ጊዜያት 5 ናቸው፦ ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፣ ከመብላት በፊት፣ ሕፃን ከመመገብ በፊት።

ቧንቧ የሌለው ወይም ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በእግር የሚረገጥ የጀሪካን መታጠቢያ ይሥራ፤ ባለሙያዎች ቲፒ ታፕ ይሉታል። ጫፋቸው ባላ የሆነ 2 የ2 ሜትር እንጨቶች ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ትከሉ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን በሳሙና አጥባችሁ ከክዳኑ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በጋለ ቀጭን ምስማር አንድ ቀዳዳ ብሱ። ክዳኑንም ብሱትና ገመድ አስገብታችሁ ከውስጥ በኩል ቋጥሩት፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ካለው መርገጫ እንጨት ጋር እሰሩ። አግዳሚውን እንጨት በጀሪካኑ እጀታ አሳልፋችሁ ባላዎቹ ላይ አሳርፉ። ውሃው ከቀዳዳው ትንሽ ዝቅ እስኪል ሙሉ። ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ቀጭን ውሃ ይፈሳል። ከሥሩ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠጠር ሙሉበት፤ አለበለዚያ በሳምንት ውስጥ ጭቃ ይሆንና ተማሪው ጫማዬ ይበላሻል ብሎ ይሸሸዋል።

የሚበላሸው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ አንዱ ጀሪካን ጥቂት ተማሪ ሳያስታጥብ ያልቃል፤ መጀመሪያ በጣም ቀጭን ብሱ፣ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን አይቻልም። ክዳኑ አየር ካላስገባ ውሃው ተንጠባጥቦ ይቆማል፤ ትንሽ ላላ አድርጉት። ሳሙናው ደግሞ ይጠፋል። ለዚህ የሚሆነው መላ የሳሙና ውሃ ነው፦ 30 ግራም የዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር የውሃ ሃይላንድ በጥብጣችሁ ክዳኑን ብሱና አንጠልጥሉት። ማንም ወደ ቤቱ አይወስደውም። ከዚህ ሁሉ በላይ ብዙውን መታጠቢያ የሚገድለው ግን የሚሞላው ሰው አለመታወቁ ነው። "ክበቡ ይሞላል" ማለት ማንም አይሞላም ማለት ነው። የክፍልና የቀን ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ለጥፉ፤ ሰኞ 7ኛ ሀ፣ ማክሰኞ 7ኛ ለ።

ተማሪዎቹ አንድ ጀሪካን ስንት ሰው እንዳስታጠበ ይቁጠሩ። ከዚያ ለጠቅላላው ተማሪ በቀን ስንት ሊትር እንደሚያስፈልግ ማስላት የሒሳብ ሥራ ይሆናል፤ ለርእሰ መምህሩ የሚቀርበው ጥያቄም ከዚህ ቁጥር ይወጣል።

4ኛ ሳምንት፦ ውሃና ኦ.አር.ኤስ

ላብራቶሪ ቴርሞ ሜትር ካለ ውሃ አፍሉና ለኩት። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ አዲስ አበባ 92፣ ደብረ ብርሃን ወደ 91 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ተማሪው በመጽሐፉ 100 ብሎ ያነበበውን 92 ሲያይ ይደነግጣል፤ ቴርሞ ሜትሩ ተበላሽቷል የሚልም አይጠፋም። ተዋሲያኑን ለመግደል 92ም ይበቃል፣ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፤ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃዋል።

በክሎሪን የሚታከም ውሃ ከደፈረሰ አስቀድሞ በታጠፈ ንጹህ ጨርቅ ይጠለል፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። መጠኑን ከማከሚያው ጠርሙስ ወይም እሽግ ላይ አንብቡና ከጀሪካናችሁ ልክ ጋር አመሳክሩ፤ ከጨመራችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጉሊት ላይ በአሮጌ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠውን በረኪና ለመጠጥ ውሃ አትጠቀሙ፤ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያውቅ የለም።

ኦ.አር.ኤስ አሠራር ላይ እያንዳንዱ ቡድን በእጁ ይሞክር። አንድ እሽግ ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፤ 2 የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ዋናው ስህተት እዚህ ነው፦ እሽጉን በግማሽ ሊትር ወይም በአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ውሃ መበጥበጥ። እንዲህ ሲሆን ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳዋል። እሽጉን ለሁለት ከፍሎ በግምት መበጥበጥም እንዲሁ አይቻልም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። እሽግ ከጠፋ በ1 ሊትር ውሃ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው። ለጥ ያለ ማለት በቢላ ጀርባ የተላገ ነው፤ በክምር የሰፈረ ቡድን ሲገኝ ሁለቱን መዝናችሁ አሳዩ። ሕፃኑ ቢያስመልስ 10 ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል እንጂ ማቆም የለም፤ ለጤና ኬላም መታየት አለበት።

5ኛ ሳምንት፦ ትንኝ ወይም ዝንብ

እንደ አካባቢያችሁ አንዱን ምረጡ። ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ትምህርት ቤት ነጭ ሳህን፣ ጭልፋና አጉሊ መነጽር ይዞ ግቢውን ይዙር፦ በርሜል፣ አሮጌ ጎማ፣ የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ጉድባ። የወባ ትንኝ ዕጭ ውሃው ገጽ ላይ ጋደም ብሎ ይተኛል፤ የሌሎቹ ትንኞች ዕጭ ግን ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ጭንቅላቱን ቁልቁል ያንጠለጥላል። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከ7 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ዕቃን "በሳምንት አንዴ ደፍታችሁ ፈግፍጉ" የሚባለው ለዚህ ነው፣ በ15 ቀን አንዴ ማጽዳት ለትንኙ ጊዜ መስጠት ነው። ከተማ ውስጥ ወባ የለም የሚለውንም አሁን መተው ያስፈልጋል፦ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለው፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ የሚራባው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኝቷል፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት ሆኗል።

ደጋ ላይ ያላችሁ ትራኮማን ያዙ። ተሸካሚዋ ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤትና ዓይን ሕመም ተያያዥ ናቸው። በአንድ ነጠላ ጫፍ የሦስት ልጅ ዓይን መጥረግ ሌላው መንገድ ነው። የሚቆጠረው ነገር የታችኞቹ ክፍሎች ልጆች ፊት ነው፦ ዓይንና አፍንጫ አካባቢ ርጥብ ወይም የደረቀ ነገር ያለበትና የሌለበት፤ ያለ ስም፣ በርቀት፣ ልጁን ሳያሳፍሩ።

6ኛ ሳምንት፦ እንደገና መቁጠርና መጠየቅ

እነዚያው ቆጣሪዎች፣ በዚያው ቀንና ሰዓት፣ በዚያው ቅጽ። ውጤቱ ሲሰላ አካፋዩን እንዳትረሱ። በመጀመሪያው ከ60 ወጪዎች 6ቱ፣ በሁለተኛው ከ90ዎቹ 18ቱ በሳሙና ታጥበው ከሆነ ተማሪው "ሦስት እጥፍ ሆነ" ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ግን ከመቶ 10 የነበረው 20 ሆነ፤ እጥፍ። ለውጥ ካልመጣም እንዳለ ይጻፍ፤ ውሃው ስንት ቀን እንደጠፋ፣ ጀሪካኑ ስንት ቀን ባዶ እንደዋለ አብሮ ቢቀርብ ከጥሩ ውጤት ያልተናነሰ ይጠቅማል። መምህሩ ቁጥር "እንዲስተካከል" ከጠየቀ የ6 ሳምንቱ ሥራ እዚያው ጠፋ።

ለርእሰ መምህሩ አንድ ገጽ ብቻ ይቅረብ፦ ምን ቆጠርን፣ ምን ተገኘ፣ ምን እንጠይቃለን። ጥያቄው አንድ ይሁን፣ ቁጥርም ይኑረው፤ "ንጽህና ይሻሻል" የሚል ጥያቄ ማንም አይፈጽመውም፣ "በቀን ይህን ያህል ሊትር ውሃና በሳምንት ይህን ያህል ሳሙና" የሚል ግን ወይ ይፈቀዳል ወይ ይከለከላል። ሚኒ ሚዲያ ላይ ቁጥሩ ሲነገር የትኛው ክፍል ሰነፈ ተብሎ አይነገር።

በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ እውነተኛ ወረርሽኝ ቢነሳ ክበቡ መርማሪ አይደለም። ሩዝ የታጠበበት ውሃ የመሰለ ተቅማጥና ትውከት የያዘው አንድ ተማሪ እንኳ ቢታይ ለርእሰ መምህሩና ለጤና ጣቢያ ወዲያው ይነገር፤ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ መስመር 8335 ነው። ተማሪ ቤት ለቤት አይላክም።

ቅጾቹ፣ የሙሊት ሠንጠረዡና ሶፍቱ የተለጠፈበት ካርቶን በአንድ መዝገብ ተሰብስበው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። የሚጨርሱት ተማሪዎች ከመሄዳቸው በፊት ለሚተኳቸው 2 ተማሪዎች "በሳሙና ታጠበ" የሚለውን ትርጉም አስረድተው አብረዋቸው አንድ እረፍት ይቁጠሩ። የመስከረሙ ቆጠራ አዲሶቹ የክበቡ አባላት ከመመዝገባቸው በፊት ይደረግ።